መንገዱ ሲዞር፦ የ«መንገድ 66» ትናንሽ ከተሞችና የመንገድ ዳር ኪነት

መንገድ የሰው ጉልበት ውጤት እንደ መሆኑ መጠን የሠራውን ኅብረተሰብ መልክ ይዞ ይገኛል። ማን እንዲያልፍበት፣ ማን እንዲቆምበት፣ ማን ምን እንዲሸጥበት ታስቦ እንደ ነበረ ከአስፋልቱና በዳሩ ከተደረደሩት ቤቶችና ሰሌዳዎች ማንበብ ይቻላል። በዚህ ረገድ የአሜሪካውን «መንገድ 66» ያህል ብዙ የተዘፈነለት፣ ብዙ የተጻፈለትና ብዙ ፎቶግራፍ የተነሣ መንገድ ጥቂት ነው። ከቺካጎ ተነሥቶ እስከ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ 3,940 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቅ የነበረው ይህ መንገድ በ1985 ከመንግሥት መዝገብ ተሰርዟል። ይሁን እንጂ በዳሩ ያደጉት ትናንሽ ከተሞችና እነዚህ ከተሞች መንገደኛን ለማቆም የፈጠሯቸው ልዩ ልዩ ሥራዎች ዛሬም የታሪክ ጸሐፊዎችን፣ የሠዓሊዎችንና የሕንፃ ነዳፊዎችን ትኩረት እንደ ሳቡ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1919 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመኪና ጓድ ከዋሺንግተን እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ለመጓዝ 62 ቀን ፈጅቶበታል። ድልድዩ እየተሰበረ፣ መኪናው በጭቃና በአሸዋ እየተዋጠ፣ ብዙውን ጊዜ ወታደሩ በጉልበቱ እየገፋና እየጎተተ ነበር የታለፈው። ከጓዱ ጋር በታዛቢነት ከተጓዙት መካከል ዱዋይት አይዘንሃወር የተባለ መኮንን ይገኝበታል፤ ስሙ ወደ ፊት ይነሣል። በዚያን ጊዜ መንገዶች ቁጥር አልነበራቸውም። የየአካባቢው ማኅበራት በየፊናቸው ስም እያወጡላቸው፣ በስልክ ምሰሶ ላይ ቀለም እየቀቡ ይለዩአቸው ነበር። በኅዳር ወር 1926 አገር አቀፍ የቁጥር አሰያየም ጸደቀ። ሳይረስ ኤቨሪ የተባለው የቱልሳ ነጋዴ ከቺካጎ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ዋና መንገድ በራሱ ክፍለ ግዛት በኦክላሆማ እንዲያልፍ ብዙ ደክሟል። በመጀመሪያ የተፈለገው ቁጥር 60 ነበር፤ የኬንታኪ አገረ ገዥ ግን ይህ ክብ ቁጥር ለእኛ ይገባል ብሎ በመሟገቱ ነገሩ በ66 ተቋጨ። ኋላ በዓለም የታወቀው ስም የተወለደው እንዲህ ካለ የቢሮ ድርድር ነው።

መንገዱ እንደ አዲስ የተቆረጠ አልነበረም። አስቀድሞ የነበሩት የገጠርና የመንደር መንገዶች እየተቀጣጠሉ ነው አንድ ቁጥር የተሰጣቸው። ስለዚህም ኢሊኖይን፣ ሚዙሪን፣ ካንሳስን፣ ኦክላሆማን፣ ቴክሳስን፣ ኒው ሜክሲኮን፣ አሪዞናንና ካሊፎርኒያን ሲያቋርጥ (በካንሳስ የሚያልፈው 21 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር) በየከተማው መሃል ለመሃል፣ በሱቁና በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ያልፍ ነበር። በምዕራቡ በኩል ካሉት ከተሞች ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ ሆልብሩክ፣ ዊልያምስ፣ ሴሊግማንና ቱኩምካሪ፣ በባቡር ሐዲድ ምክንያት የተቆረቆሩ ናቸው። የመኪና መንገዱ ሲመጣ ሁለተኛ ዕድሜ ተጨመረላቸው ማለት ይቻላል። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ደልቶ የተጠናቀቀው ግን በ1938 ነው።

በዚህ መካከል ያለፈበት ሕዝብ ለመዝናናት የወጣ አልነበረም። በ1930ዎቹ ዓመታት የኢኮኖሚው ቀውስና ድርቁ ተደራርበው፣ አቧራው ማሳውን ጠራርጎ፣ ባንኩና የመሬቱ ባለቤት ጭሰኛውን ሲያፈናቅሉ ከኦክላሆማና ከአካባቢዋ እጅግ ብዙ ቤተ ሰብ ፍራሹንና ምጣዱን በአሮጌ መኪና ጭኖ ወደ ካሊፎርኒያ ተሰደደ። ጆን ስታይንቤክ በ1939 ያሳተመው «የቁጣ ወይን ፍሬዎች» የተሰኘው ልብ ወለድ የሚተርከው ይህንኑ ስደት ነው። በ1936 መጀመሪያ ላይ የሎስ አንጀለስ ከተማ ፖሊስ ከመቶ በላይ አባላቱን ወደ ካሊፎርኒያ ጠረፍ በመላክ ድሀ የመሰለውን መንገደኛ ሁሉ እየመረጠ ከመንገድ ይመልስ ነበር። በአገሩ ዜጋ ላይ፣ በአገሩ ውስጥ የተደረገ ነው። በመንገዱ ዳር ያሉት ባለ ሱቆችና ቤንዚን ቀጂዎች ደንበኛቸውን መጀመሪያ ያወቁት ከእነዚህ ስደተኞች ነው፤ ቤንዚን በሳንቲም እየቆጠረ የሚገዛ፣ ጎማውን አሥር ጊዜ ያስለጠፈ፣ ለአንድ ሌሊት ድንኳን መትከያ የሚለምን ሕዝብ ነበረ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። ደመወዝተኛው መኪና ገዛ፤ በዓመት ፈቃዱ ልጆቹን ይዞ ምዕራቡን ለማየት ወጣ። የመንገድ ዳር ኪነት በብዛት የተስፋፋው በዚህ ወቅት ነው። የጥበቡ ሕግ ከችግሩ የሚነሣ ነው። በእግር ወይም በበቅሎ የሚሄድ መንገደኛ ሲደክመው ራሱ ይቆማል፤ ባለ መኪናው ግን በሰዓት ሰባና ሰማንያ ኪሎ ሜትር እየሄደ ከሩቅ አይቶ፣ አስቦና ከልጆቹ ጋር ተከራክሮ ለመቆም ያለው ጊዜ የደቂቃ ክፍልፋይ ነው። ባለ ሱቁም ያችን የደቂቃ ክፍልፋይ ለመያዝ ነገሩን ማግዘፍ፣ ማብራት፣ ማሳቅ ወይም ማስደንገጥ ነበረበት። ትምህርት ቤት ገብቶ ሥነ ቅርፅ ያልተማረ ሰው ቅርፅ ሠሪ፣ ግጥም ጽፎ የማያውቅ ሰው ገጣሚ የሆነው በዚህ አስገዳጅነት ነው።

ግጥሙን በተመለከተ «በርማ ሼቭ» የተባለው የጢም መላጫ ቅባት ሰሌዳዎች ይጠቀሳሉ። ከ1925 ጀምሮ እስከ 1963 ድረስ በአገሪቱ በብዙ መንገዶች ዳር የተተከሉት እነዚህ ሰሌዳዎች ትናንሽና ባብዛኛው ስድስት በስድስት ሆነው የሚደረደሩ ነበሩ። በእያንዳንዱ ላይ ጥቂት ቃላት ብቻ ይጻፍባቸዋል፤ መኪናው ሲያልፍ ቃላቱ እየተከታተሉ ቤት የሚመታ አጭር ቀልደኛ ግጥም ይሆናሉ፤ የመጨረሻው ሰሌዳ የቅባቱን ስም ይናገራል። ይህ እንግዲህ አንባቢው የሚቀመጥበት ሳይሆን የሚጓዝበት ግጥም ነው። በሰሌዳና በሰሌዳ መካከል ያለው ርቀት የተመጠነው በዘመኑ የመኪና ፍጥነት ነበር። ፍጥነቱ ሲጨምር ግጥሙ ሊነበብ አልቻለም። የመንገድ ዳር ጥበብ ከቴክኒክ ዕድገት ጋር ያለውን ግንኙነት ለተማሪ ማስረዳት የሚፈልግ መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

ሌስተር ዲል የተባለው ሚዙሪያዊ ደግሞ ሰሌዳ አላስፈለገውም። በ1933 የሜራሜክ ዋሻን ለጎብኚ ከከፈተ በኋላ በየክፍለ ግዛቱ እየዞረ ገበሬዎች ጎተራቸውን በነፃ እንዲቀባላቸው ይጠይቃቸዋል፤ ገበሬው ደስ ይለዋል፤ ዲልም በጎተራው ጣሪያና ግድግዳ ላይ የዋሻውን ስም በትልልቅ ፊደላት ይጽፍበታል። በዋሻው ውስጥ ጄሲ ጄምስ የተባለው የታወቀ ሽፍታ ተደብቆበት ነበር የሚለውንም ወሬ አስፋፍቷል። ወሬው የታሪክ ማስረጃ የሚያቆመው አይደለም፤ ገበያው ግን አልጎደለበትም። ከ66 ርቆ በሰሜን፣ ዎል በምትባለው የደቡብ ዳኮታ ትንሽ ከተማ፣ ቴድ ሃስቴድ በ1931 የገዛው መድኃኒት ቤት ደንበኛ አጥቶ ሊዘጋ ተቃርቦ ሳለ ባለቤቱ ዶሮቲ በ1936 አንድ ሐሳብ አመጣች፤ በበረሃው ሙቀት የተቃጠለው መንገደኛ የሚፈልገው በረዶ የገባበት ቀዝቃዛ ውሃ ስለ ሆነ፣ ውሃው በነፃ እንደሚሰጥ በመንገዱ ሁሉ ይጻፍ የሚል ነበር። ተጻፈ፤ መንገደኛውም ጎረፈ። መድኃኒት ቤቱ ዛሬ የከተማዋን መሃል የሚይዝ የገበያ አዳራሽ ሆኗል፤ ውሃው አሁንም በነፃ ነው።

ከሰሌዳው ይልቅ ለክርክር የበቃው ሕንፃው ነው። ፍራንክ ሬድፎርድ የተባለ የኬንታኪ ሰው በ1930ዎቹ ውስጥ እያንዳንዱ ክፍል በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ድንኳን አምሳል የተሠራ ሞቴል አቋቁሞ ቅርፁን በፓተንት አስመዘገበ። ቼስተር ሉዊስ የተባለ የሆልብሩክ ነዋሪ ይህንኑ አይቶ በ1950 በከተማው አስገነባ። የሁለቱ ስምምነት የሚያስደንቅ ነው፦ በየክፍሉ ሳንቲም ሲገባበት ብቻ የሚሠራ ራዲዮ ይቀመጣል፤ አሥር ሳንቲም ለግማሽ ሰዓት፤ ከራዲዮው የሚሰበሰበው ሳንቲም ለሬድፎርድ የንድፉ ዋጋ ሆኖ ይላክለታል። አሥራ አምስቱ የኮንክሪት ድንኳኖች ዛሬም ቆመዋል፤ እንግዳ ያድርባቸዋል።

ይሁን እንጂ የድንኳኑ ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ይህ ዓይነቱ ሾጣጣ ድንኳን የሜዳማው አገር ሕዝቦች መኖሪያ እንጂ የአሪዞና ነባር ነዋሪዎች ቤት አልነበረም። ናቫሆዎች የሚኖሩት ከእንጨትና ከአፈር በሚሠራ፣ በራሱ ሥርዓት በሚታነጽ ቤት ነው፤ ሆፒዎችም ከድንጋይ ነው የሚሠሩት። ብሩን የሚያነጥሩት፣ ምንጣፉን የሚሸምኑት፣ ሸክላውን የሚያበጁት የናቫሆ፣ የሆፒ፣ የዙኒ፣ የላጉናና የአኮማ ጥበበኞች በዚያው መንገድ ዳር ከእነ ሥራቸው ሲገኙ፣ ባለ ሱቁ ግን መንገደኛው በሲኒማ ያየውን «ሕንድ» ለማሳየት ሲል የሌላ ሕዝብ ድንኳን በኮንክሪት አቆመ። ሕዝባዊ ፈጠራና የሐሰት ምስል በአንድ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ሊገኙ እንደሚችሉ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በሕንፃ ነዳፊዎች ዘንድ የተነሣው ክርክር በሌላ መልክ ነበር። በኒው ዮርክ አጠገብ በሎንግ አይላንድ አንድ የዳክዬ ገበሬ በ1931 ዳክዬና እንቁላል የሚሸጥበትን ሱቅ ራሱን በትልቅ ዳክዬ መልክ አሠርቶ ነበር። ፒተር ብሌክ የተባለው ሐያሲ በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ የአሜሪካን መንገድ ዳር ቆሻሻ መጣያ ሲል አውግዞ ዳክዬዋን በምሳሌነት ሲያቀርብ፣ ሮበርት ቬንቱሪ፣ ዴኒዝ ስኮት ብራውንና ስቲቨን አይዘነር ደግሞ በ1972 በወጣው የላስ ቬጋስ ጥናታቸው ነዳፊው ከመንገድ ዳሩ ሊማር ይገባዋል ብለው ተነሡ። ሕንፃዎችንም በሁለት ከፈሉ፤ ራሱ ቅርፁ ምልክት የሆነውን «ዳክዬ»፣ ተራ ሆኖ ሳለ ሰሌዳና ጌጥ የተለጠፈበትን ደግሞ «ያጌጠ ጎጆ» አሉት። ብሌክ ያየው ብልግና እውነት ነው፤ ንግድ ያልነካው ሜዳ እየጠፋ ነበር። ነገር ግን እርሱ ያላየው፣ ዳክዬዋን የሠራው ገበሬ በሚናገርበት ቋንቋ የመናገር መብት እንዳለው ነው።

ያለ ንግድ ሐሳብ የተሠሩም አሉ። በኦክላሆማ ካቱሳ አጠገብ ሂው ዴቪስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ በኩሬው ዳር 24 ሜትር ያህል የሚረዝም ሰማያዊ የሲሚንቶ ዓሣ ነባሪ ሠራ። የሠራው ለሚስቱ ለጋብቻ መታሰቢያ ስጦታ እንዲሆን ነበር። የመንደሩ ልጆችና መንገደኛው ሊዋኙ ሲመጡ መዝናኛ ሆነ እንጂ በመጀመሪያ የቤተ ሰብ ነገር ነበር። በሌላው ጫፍ ደግሞ በ1960ዎቹ በካሊፎርኒያ በፋብሪካ የሚመረቱት የፋይበርግላስ ግዙፍ ሰዎች ይገኛሉ። የመጀመሪያው የተሠራው በፍላግስታፍ በ66 ዳር ላለ ምግብ ቤት እንጨት ቆራጭ ሆኖ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እጁ ውስጥ የሚይዘው ብቻ እየተለወጠ ያው ሰውዬ ጎማ ሻጭ፣ ላም እረኛ፣ ጠፈርተኛ እየሆነ በየከተማው ቆመ። አንድ ቅርፅ፣ ብዙ ልብስ፤ የእጅ ጥበብ ወደ ፋብሪካ ሲሸጋገር የሚሆነው ይኸው ነው። ቱኩምካሪ በሚገኘው በብሉ ስዋሎው ሞቴል የሚበራው የሰማያዊ ጨረባ ኒዮን ግን ከሁሉም ይልቅ በሥዕል መልክ ሊታይ የሚገባው ነው። በረሃው ከጨለመ በኋላ ለደከመ ሾፌር ከሩቅ የሚታየው ያ ወፍ ማስታወቂያ ከመሆኑ በፊት መጽናኛ ነው።

ነገር ግን መጽናኛው ለሁሉ አልነበረም። በ1946 ቦቢ ትሩፕ የደረሰውንና የመንገዱን ከተሞች በስም የሚጠራውን ዘፈን በመዝፈን ዝና ያተረፈለት ናት ኪንግ ኮል ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። በዘፈኑ ውስጥ በተጠሩት ከተሞች ከሚገኙት ሞቴሎች ብዙዎቹ እርሱን ራሱን አያሳድሩም ነበር። በመንገዱ ዳር ካሉት ሥፍራዎች አንዳንዶቹ ጥቁር ሰው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንዳይገኝባቸው በይፋ ወይም በሥውር የሚከለክሉ ነበሩ። በዚህ የተነሣ ቪክቶር ሁጎ ግሪን የተባለ የሃርለም ነዋሪ ፖስታ አዳይ በ1936 ጥቁር መንገደኛ ሊያድርበት፣ ሊበላበት፣ ቤንዚን ሊቀዳበትና ፀጉሩን ሊስተካከልበት የሚችለውን ቤት የሚዘረዝር መጽሐፍ ማሳተም ጀመረ። «አረንጓዴው መጽሐፍ» በመባል የታወቀው ይህ መመሪያ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ካለፈ በኋላም ታትሟል፤ በ1964 የወጣው የዜጎች መብት ሕግ በሕዝብ መስተንግዶ ቤቶች የቀለም ልዩነትን ከከለከለ በኋላ ግን አስፈላጊነቱ እየቀረ ሄደ። የነጩ መንገደኛ ልጆች በመስኮት ዓሣ ነባሪና ድንኳን ሲቆጥሩ የጥቁሩ መንገደኛ አባት ጨለማ ሳይይዘው የሚደርስበትን ከተማ ይቆጥር ነበር። ስንቁን ሸክፎ፣ ቤንዚኑን ሞልቶ፣ የውሃ ጀሪካኑን ጭኖ ነው የሚወጣው። አንዱ መንገድ ሁለት መንገድ ነበር።

የመንገዱ ሞት የተወሰነው በ1956 ነው። በ1919 ከመኪና ጓዱ ጋር በጭቃ የተጓዘው አይዘንሃወር ፕሬዚዳንት ሆኖ፣ በጦርነቱም ጊዜ የጀርመንን ሰፋፊ አውራ ጎዳናዎች አይቶ፣ በሰኔ ወር የኢንተርስቴት አውራ ጎዳናዎችን ሕግ ፈረመ። ሕጉ 66,000 ኪሎ ሜትር ያህል አውራ ጎዳና እንዲሠራ፣ ከወጪውም 90 በመቶውን ማዕከላዊው መንግሥት እንዲችል፣ ለዚሁም በአንድ ጋሎን ቤንዚን ላይ የሚከፈለው ግብር ከሁለት ሳንቲም ወደ ሦስት ሳንቲም እንዲያድግ አዘዘ። አዲሱ አውራ ጎዳና መስቀለኛ መንገድ የለውም፤ በየደጃፉ አይቆምም፤ የሚገባበትና የሚወጣበት በተወሰነለት ቦታ ብቻ ነው። በጎዳናው ክልል ውስጥ ማደያም ሆነ ማንኛውም የንግድ ቤት እንዳይሠራ ሕጉ ከለከለ። ስለዚህ ንግዱ ወደ መውጫዎቹ አካባቢ ተሰበሰበ፤ የመውጫው መሬት ውድ ሆነ፤ ያንን ዋጋ ሊከፍል የሚችለው ደግሞ ትልቁ የነዳጅ ኩባንያና ባለ ብዙ ቅርንጫፉ የሆቴልና የምግብ ድርጅት እንጂ የቱኩምካሪው ባለ ሞቴል አልነበረም። ከሁሉ የሚያስገርመው፣ የአሮጌው መንገድ ማደያዎች የሚቀዱት እያንዳንዱ ጋሎን እነርሱን ለሚያገለው ጎዳና ገንዘብ ያዋጣ ነበር። በ66 መስመር ላይ በምትገኘው በሳን በርናርዲኖ በ1940 የተከፈተው የማክዶናልድ ወንድማማቾች ምግብ ቤት ከጊዜ በኋላ የየመውጫው ሁሉ ምግብ ቤት የሆነውን ድርጅት ስም መስጠቱም ከዚሁ ታሪክ የማይለይ ነው።

ሕጉን ያስፈጸመው የሕዝብ መንገዶች ቢሮ ለኢትዮጵያ አንባቢም እንግዳ አይደለም። በ1943 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በዓለም ባንክ ብድር ሲቋቋም የመጀመሪያ ዓመታት አመራሩንና የቴክኒክ እርዳታውን የሰጠው ይኸው ቢሮ ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ በ2014 በተከፈተው የፍጥነት መንገድ የሚሄድ ሰውም ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን ሳይገባባቸው ማለፍ ይችላል፤ የአሠራሩ መሠረተ ሐሳብ አንድ ነው።

አሮጌው መንገድ ያለ ምክንያት አልተተወም። ጠባብ፣ ሁለት መኪና ብቻ የሚያሳልፍ፣ በከባድ መኪና የተጨናነቀ ስለ ነበረ ብዙ ሰው ጨርሷል። የስዊስ ተወላጁ ፎቶግራፍ አንሺ ሮበርት ፍራንክ በ1950ዎቹ አሜሪካን ዞሮ ባዘጋጀው ታዋቂ መጽሐፍ ውስጥ በአሪዞና በዊንስሎውና በፍላግስታፍ መካከል በ66 ዳር በብርድ ልብስ የተሸፈነ አስከሬንና በዙሪያው የቆሙ ጥቂት ሰዎች ይታያሉ። ናፍቆት ይህን ፎቶግራፍ ማየት አይወድም። ቢሆንም ለደኅንነት ተብሎ የተሠራው ጎዳና የጎዳቸው ሰዎች ከጉዳቱ ካሳ የሚያገኙበት ሥርዓት አልነበረም። መሬቱ የተወሰደበት ካሳ ይከፈለዋል፤ መንገዱ የራቀበት ግን ምንም አይከፈለውም።

ግሌንሪዮ በቴክሳስና በኒው ሜክሲኮ ወሰን ላይ የነበረች መንደር ናት። ሞቴሏ በአንድ ፊቱ ለገባው መንገደኛ የቴክሳስ የመጀመሪያ፣ በሌላው ፊቱ ለሚወጣው የመጨረሻ መሆኑን የሚናገር ሰሌዳ ነበረው። በ1970ዎቹ ኢንተርስቴት 40 በጎኗ ሲያልፍ ባዶ ቀረች፤ ዛሬ የፈራረሱ ግድግዳዎች ናቸው። ሴሊግማን በመስከረም ወር 1978፣ ዊልያምስ ከሁሉ መጨረሻ በጥቅምት ወር 1984 ተታለፉ። በሰኔ 1985 የመንገዱ ቁጥር ከመዝገብ ወጣ። በትልልቅ ከተሞች ያለው ጉዳት ደግሞ ከመታለፍ የባሰ ነበር። በ66 ላይ በምትገኘው ቱልሳ የጥቁሮች ሠፈር ግሪንዉድ በ1921 በነጭ ወሮበሎች ተቃጥሎና ነዋሪዎቹ ተጨፍጭፈው እንደገና በራሱ ጉልበት ከታነጸ በኋላ፣ ኢንተርስቴት 244 በመሃሉ ሰንጥቆት አለፈ። ትንሿን የነጮች ከተማ መንገዱ ሲሸሻት የጥቁሩን ሠፈር መንገዱ ራሱ መጥቶ ረገጠው።

ሰሌዳዎቹም አልተረሱም። በ1965 የወጣውና ቀዳማዊት እመቤት ሌዲ በርድ ጆንሰን የተሟገተችለት አውራ ጎዳናን የማስዋብ ሕግ ከጎዳናው 200 ሜትር ያህል ክልል ውስጥ የማስታወቂያ ሰሌዳ መትከልን በብዙ ሥፍራ ገደበ። የሰሌዳው ኢንዱስትሪ ተከራክሮ ብዙ ክፍተት አስተርፏል። ክልከላው ግን ሰሌዳው ብቸኛ ድምፁ ለሆነው፣ ከመውጫው ርቆ ለሚገኘው ባለ ሱቅ ይብሳል።

ሠዓሊዎች ወደ መንገዱ ዘወር ያሉት ይኸው ሁሉ ሲሆን ነው። ኤድ ሩሻ ከሎስ አንጀለስ ወዳደገበት ከተማ ወደ ኦክላሆማ ሲቲ በሚወስደው መንገድ ያገኛቸውን ሃያ ስድስት ማደያዎች ያለ አንዳች አስተያየት ፎቶግራፍ አንሥቶ በ1963 በትንሽ መጽሐፍ አሳተማቸው። ጌጥ የሌለው፣ ሰው እምብዛም የማይታይበት መጽሐፍ ነው፤ ከጊዜ በኋላ በሠዓሊያን የሚዘጋጁ መጻሕፍት ሁሉ መነሻ ተደርጎ ተቆጥሯል። «አንት ፋርም» የተባለው የነዳፊዎች ቡድን ደግሞ በ1974 በአማሪሎ አጠገብ በአንድ ሀብታም ቴክሳሳዊ ወጪ አሥር የካዲላክ መኪናዎችን በአፍንጫቸው ቀበረ። ከ1949 እስከ 1963 የተሠሩ ሞዴሎች ስለ ሆኑ የኋላ ክንፋቸው ሲበቅል፣ ሲገዝፍና ሲከስም በረድፍ ይታያል። የተተከሉበት መሬት ከከተማዋ መስፋፋት የተነሣ በ1997 ወደ ምዕራብ ተዛውሯል። ጎብኚው ሁሉ ቀለም ይዞ እየመጣ ስሙን ይጽፍባቸዋል፤ የትናንቱ ጽሑፍ በዛሬው ይሸፈናል፤ ቀለሙ ከብረቱ እየወፈረ ሄዷል። ከመንገድ ዳር ሥራዎች ሁሉ ተመልካቹ ራሱ በየቀኑ የሚሠራው ይህኛው ነው።

ትንሣኤው የመጣው ከታች ነው። ኤንጀል ዴልጋዲዮ የተባለ የሴሊግማን ፀጉር አስተካካይ የተታለፈችው ከተማው ስትሞት አይቶ ዝም አላለም። በ1987 ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ የመንገዱን ታሪክ የሚጠብቅ ማኅበር አቋቋመ፤ በዚያው ዓመት የአሪዞና መንግሥት ከሴሊግማን እስከ ኪንግማን ያለውን አሮጌ መንገድ ታሪካዊ ብሎ ሰየመው። ሌሎቹ ክፍላተ ግዛት ተከተሉ። በ1999 የአገሪቱ ምክር ቤት መንገዱን ስለ መጠበቅ ሕግ አወጣ፤ በ2006 የወጣው «ካርስ» የተሰኘው የካርቱን ፊልም አዘጋጆችም ከሴሊግማኑ ፀጉር አስተካካይ ታሪክ ቀድተዋል። የሆልብሩኩን ሞቴል የቼስተር ሉዊስ ልጆች አድሰው በ1988 እንደገና ከፈቱት። በ2026 መንገዱ ከተሰየመ መቶ ዓመት ይሞላዋል። ይህ ሁሉ የአንድ ትንሽ ከተማ ሕዝብ ተደራጅቶ ሊያደርግ የሚችለውን ያሳያል። ሆኖም ለጎብኚው የሚሸጠው ታሪክ በአብዛኛው የ1950ዎቹ ነጭ ቤተ ሰብ ሽርሽር ነው። በጠረፍ የተመለሰው ስደተኛ፣ በኮንክሪት ድንኳን የተሸፈነው የናቫሆ ሸማኔና አረንጓዴውን መጽሐፍ የያዘው ሾፌር በጽዋው፣ በካናቴራውና በፖስት ካርዱ ላይ እምብዛም አይታዩም።

ከኦክላሆማ ሲቲ በስተ ምሥራቅ በሉተር አጠገብ፣ በአሮጌው መንገድ ዳር አንድ ትንሽ የድንጋይ ቤት አለ። አለን ትሬት የተባለ ጥቁር ገበሬ በ1915 ገደማ፣ መንገዱ ቁጥር ከማግኘቱ አሥር ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ ከራሱ መሬት ባወጣው የአሸዋ ድንጋይ ያነጸው የቤንዚን ማደያ ነው። ቤቱ እንደ ጎተራው በፊደል አልተቀባም፤ ዓሣ ነባሪም የለበትም። በዚያ ዘመን ጥቁር መንገደኛ ሳይሰጋ ቆሞ ቤንዚን የሚቀዳበት፣ የሚበላበት፣ ስለ ቀጣዩ ከተማ ጠባይ የሚጠይቅበት ሥፍራ ስለ ነበረ፣ ለማስቆም ሰሌዳ አላስፈለገውም ማለት ይቻላል። በ1995 በአገሪቱ የታሪካዊ ሥፍራዎች መዝገብ ገብቷል፤ በ2021 ደግሞ የመጥፋት አደጋ ከተደቀነባቸው አሥራ አንድ ቅርሶች አንዱ ተብሎ ተሰይሟል። ባለቤቶቹ አሁንም የትሬት ዘሮች ናቸው፤ ጣሪያውንና ግድግዳውን እየጠገኑ ነው።